አይዞሽ የሚባለው ፍሬን

ዋርሳዬ መኪናዬ ላይ ዓይኑን እንደጣለ ያወቅሁት ጎማዋን በጫማው ጫፍ መታ መታ ሲያደርግ አይቼ ነው። ሰው የራሱ ያልሆነን መኪና ጎማ እንዲያ ከነካካ ነገር አለው። ዋርሳዬ የባሌ ታናሽ ወንድም ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ እሁድ እሁድ እየመጣ «ሞተሯን ላሙቃት» ይለኛል። ቁልፉን ተቀብሎኝ ይገባል፣ በሩን ይዘጋል፣ ግቢውን በጭስ ይሞላዋል፣ ከዚያ ቁልፉን መልሶልኝ ይሄዳል። እኔም የሰው ቀሚስ እየዘመዘምኩ በመስኮት እከታተለዋለሁ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። የምሠራው ከግቢው በር አጠገብ ባለችው ክፍል ነው፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያ፣ ደንበኛ ሁሉ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ የሚቆምበት መስታወት፣ ከዚያ ደግሞ ቁልፍና ዚፕ የምትተክልልኝ ጓደኛዬ። የጓደኛዬ አፍ ከመርፌዋ ይፈጥናል፤ ከመርፌዋ ይልቅም ይዋጋል። «ይህ ሰውዬ መኪናሽን ሊበላት ነው» ብላ መጀመሪያ የነገረችኝም እሷ ናት።

አልተሳሳተችም። አንድ እሁድ ዋርሳዬ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ መስኮቴ ላይ ተደገፈ። መኪና ቆሞ ከዋለ ባትሪው እንደሚሞት፣ ጎማው እንደሚሰነጠቅ፣ አይጥ ሽቦውን እንደሚበላው አንድ በአንድ ዘረዘረልኝና፣ ለእሱ ብሰጠው እየነዳ እንደሚያቆይልኝ ነገረኝ። ያቺ «አቆይልሻለሁ» ያላት ነገር አናቴ ላይ ወጣች። እኔው ራሴ እነዳታለሁ አልኩት። ዋርሳዬ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«አንቺ እትዬ? መኪና?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ መኪና ላይ ነኝ» አልኩት። «መርፌ ስላለው ነው እንዴ የማይቆጠረው?»

ከኋላዬ ጓደኛዬ በከንፈሯ የያዘችውን ስፒል ልትውጠው ምንም አልቀራት።

እልህ ክፉ ነው። እዚያው ቆመን ተዋዋልን። ዓመቱ ሳያልቅ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ዋርሳዬ የመኪናዋን ነገር ሁለተኛ ላያነሳ፣ ካላወጣሁ ደግሞ ቁልፉን በገዛ እጄ ላስረክበው። ጓደኛዬ ምስክር ሆነች። ምን እንዳስያዝኩ የገባኝ እሱ ከሄደ በኋላ ነው። ያቺ መኪና ለእኔ ቆርቆሮ አይደለችም። ባሌ ከእኔ እኩል ያዋራት ነበር፤ አንዳንዴም ከእኔ አብልጦ። ከእሱ የቀረኝ የሚንቀሳቀስ ነገር እሷ ብቻ ናት፣ እሷንም ሸራ አልብሼ አቁሜያታለሁ። ከግቢዬ ወጥታ ብትሄድብኝ ባሌን ሁለተኛ መቅበር ነው።

በማግሥቱ ተመዘገብኩ። የመንገድ ምልክቱን ትምህርት ጨርቅ እየቀደድኩ አጠናሁት፤ ጓደኛዬ ትጠይቀኛለች፣ እኔ እመልሳለሁ፣ የጽሑፍ ፈተናውን በአንድ ትንፋሽ አለፍኩ። ጉዱ የመጣው መሪ ስጨብጥ ነው።

ማሰልጠኛው ሰፊ አቧራማ ሜዳ ነው። አሰልጣኞቹ ይጮኻሉ። በአጥሩ ውጭ የሚያልፍ ሰው ውስጥ ጠብ የተነሳ ነው የሚመስለው። ለእኔ የደረሰኝ ግን የማይጮህ ሰው ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ፣ ደም ብዛት ያለበት፣ ሐኪሙ «ከጮህክ አለቀልህ» ብሎ ያስጠነቀቀው ሽማግሌ። ድምፁ ልስልስ ከማለቱ የተነሳ ጋሽ ሐር ብዬ ስም አወጣሁለት። እሱም ሰምቶ ደስ አለው።

የመጀመሪያው ቀን ላይ እግሬ ጉድ ሠራኝ። የስፌት መኪና ፔዳሉን ሲረግጡት ይሄዳል፣ እግር ሲያነሱለት ይቆማል። እኔም ለመቆም ብዬ ሁለቱንም እግሬን አነሳሁ። መኪናው ግን አልቆመም። ለልምምድ የተደረደሩትን የፕላስቲክ ምልክቶች አንድ በአንድ እያስተኛ፣ ሽንት ቤቱ በር ላይ ወደተሰለፉት ተማሪዎች አመራ። «አይዞሽ» አለኝ ጋሽ ሐር በዚያ በለስላሳ ድምፁ፣ እያለም በእሱ በኩል ያለውን ፍሬን ረገጠው። የማሰልጠኛ መኪና ሁለት ፍሬን አለው፤ አንዱ ለተማሪው፣ ሌላው አሰልጣኙ ነፍሱን የሚያተርፍበት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የጋሽ ሐርን ቋንቋ ለመድኩ። ሌላው አሰልጣኝ «ያዝ» ብሎ በሚያምባርቅበት ቦታ እሱ «አይዞሽ» ይላል። አንድ ጊዜ ካለ ጉድጓድ አለ። ሁለት ጊዜ ካለ ግድግዳ አለ። ሦስት ጊዜ ከደጋገመው የሰው ነፍስ አለ ማለት ነው፣ ያኔ ማየትም አያስፈልግም፣ መርገጥ ብቻ ነው። ቀስ በቀስ ጋሽ ሐር እግሩን ማሳረፍ ጀመረ። «አይዞሽ» ይላል፣ የእኔ እግር ይረግጣል። ቃሏ ከጆሮዬ በቀጥታ ወደ እግሬ ትወርዳለች፤ ጭንቅላቴ ጋ ጎራ አትልም። ማርሽ መቀየሩን፣ ፍሪሲዮን መልቀቁን፣ ወደ ኋላ መግባቱን ሁሉ አወቅሁት። ጋሽ ሐር ለፈተና ደርሰሻል ሲለኝ ዋርሳዬ ከዚያ በኋላ ጎማ በምን እግሩ እንደሚነካ አያለሁ ብዬ ፎከርኩ።

ፈታኟ መነጽር ያደረገች፣ ፊቷ የማያስፈራ ሴት ነበረች። ይሄ ነው ያጠፋኝ። ክፉ ፈታኝ ቢደርሰኝ ኖሮ አልፍ ነበር። ዳገቱን ተነሳሁ፣ ለፈተናው በተተከሉት እንጨቶች መካከል ወደ ኋላ ገባሁ፣ ወደ አስፋልቱ ወጣሁ፣ አንዲት ነገር አላጎደልኩም፤ ላቤ ብቻ በአገጬ ይንጠባጠባል። ፈታኟ አየችኝና አዘነችልኝ።

«አይዞሽ እህቴ» አለችኝ። «ጥሩ እየነዳሽ ነው።»

እግሬ እስከ ወለሉ ወረደ። ሰው በሌለበት፣ ጉድጓድ በሌለበት፣ ቀጥ ባለው አስፋልት መሐል መኪናው ጭጭ አለ። የፈታኟ መነጽር ከፊቷ ተፈናጥሮ የመኪናው የፊት መስታወት ሥር ሄዶ አረፈ። ከኋላ የነበረው ሁሉ ክላክሱን ለቀቀው። ፈታኟ መነጽሯን ፈልጋ አግኝታ፣ አድርጋው፣ ፊት ለፊቷን ደጋግማ አይታ፣ ለምን እንደቆምኩ ጠየቀችኝ። አይዞሽ ስላሉኝ ነው አልኳት። ይህን መልስ የሚቀበል ፈታኝ የለም። ወደቅሁ።

ሱቅ ገብቼ የሆነውን ስነግራት ጓደኛዬ እስክታለቅስ ሳቀች። እኔም አብሬያት ስስቅ ቆየሁና፣ በመሐል ሳቁ ጥሎኝ ሄደ። ባሌ የሞተ ጊዜ በዚህ በር የገባ ሰው ሁሉ አይዞሽ ብሎኝ ነው የወጣው። ክፋት አልነበረበትም፣ ሌላ ምን ይበሉኝ። እኔ ግን አይዞሽ ባሉኝ ቁጥር ባለሁበት ቁጭ አልኩ። ይህን ለጓደኛዬ ነገርኳት፤ እግሬ ይህን ነገር ከጋሽ ሐር በፊትም ያውቀው ነበር አልኳት።  ጓደኛዬ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችና፣ «እንግዲያው ቃሉን እናደንዝዘዋለን» አለች።

ማደንዘዙ በዚያው ጀመረ። መርፌ ውስጥ ክር ሳስገባ «አይዞሽ» ትለኛለች። ውኃ ስጠጣ «አይዞሽ»። ካውያ ስሰካ፣ በር ስከፍት፣ ሳስነጥስ፣ አይዞሽ፣ አይዞሽ። ያላሰብነው ነገር ቢኖር እግሬ መኪናና መኪና አለመለየቱ ነው። የአንድ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ኮት እጅጌ ስሰፋ ከኋላዬ አይዞሽ ብትለኝ፣ እግሬ ፍሬን ነው ብሎ የረገጠው የስፌት መኪናዬን ፔዳል ሆነ። መርፌው እንደ እብድ ሮጠና እጅጌውን ጫፉ ላይ ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። ርእሰ መምህሩ መስታወቱ ፊት ቆመው እጃቸውን ቢሰዱት ቢሰዱት መውጫ አጣ። እኛ ሁለታችን እርስ በርስ እንዳንተያይ አንዳችን ጣሪያውን፣ አንዳችን ወለሉን አየን።

ሆኖም መድኃኒቱ ሠራ። ስንት እጅጌ ከፈታሁ በኋላ ቃሏ እንደ ዝንብ ድምፅ ሆነችልኝ። ዓመቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሁለተኛ ለፈተና ተቀጠርኩ። ከዚያ በኋላ ሌላ ቀጠሮ የለም፤ ብወድቅ ቁልፉ የዋርሳዬ ነው። በዚያ ሰሞን እሱም መምጣት ቀንሶ ነበርና፣ አሸነፍኩ ብሎ ረስቶኛል አልኩ።

የፈተናው ቀን ሜዳውን ከከለለው ገመድ ወዲህ ተራዬን እየጠበቅሁ ሳለ፣ ፈተና ላይ ያለውን ሰው አየሁት። ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቷል። ማንነቱን የነገረኝ ማጅራቱ ነው። ያ ማጅራት የባሌ ማጅራት ነው፤ ሁለቱ ወንድማማቾች ከኋላ ሲያዩዋቸው አንድ ሰው ናቸው፣ ልቤ ለአፍታ ስንጥቅ አለብኝ። ከዚያ ሰውየው ስፖኪዮውን ለማስተካከል ፊቱን ዘወር ሲያደርግ ዋርሳዬ ሆነ። መኪና ቆሞ ሲውል ምን እንደሚሆን ሲያስተምረኝ የከረመው ዋርሳዬ፣ የተማሪ ምልክት የተለጠፈበት መኪና ውስጥ ቁጭ ብሏል።

ጋሽ ሐር አጠገቤ ቆሞ ነበር። ሰውየውን ያውቀው እንደሆነ ጠየቅሁት። «የእኔ ተማሪ ነው እንጂ» አለኝ ኮራ ብሎ። ስንት ጊዜ ተፈትኖ እንደወደቀ፣ ደግ ሰው እንደሆነ፣ እጁ ሳይሆን ልቡ እንደሚያስቸግረው፣ ዛሬ ግን እንደሚያልፍ ነገረኝ። እኔ የሰማሁት የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ነው። የጋሽ ሐር ተማሪ። እንግዲያው የእሱም እግር እንደ እኔ እግር ነው።

ዋርሳዬ ዳገቱን መነሳት ጀመረ። የመኪናው መስኮት ክፍት ነው። ብዙ አላሰብኩም ብል ይሻላል። ዛሬ እሱ አልፎ እኔ ብወድቅ መኪናዬ በፊቴ ስትወጣ ታየኝ። ደግሞስ ምን ክፉ ነገር ልናገር ነው? እጄን አፌ ዳር አድርጌ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮህኩ።

«አይዞህ!»

መኪናው ዳገቱ መሐል ላይ ቀጥ አለ። ሞተሩ ጠፋ። ዋርሳዬ ደንግጦ እግሩን ሲያነሳ መኪናው ወደ ኋላ ተንሸራቶ አንዱን እንጨት ጣለው። አጠገቤ የነበሩት ተማሪዎች ምን ዓይነት መልካም ሴት ናት በሚል ዓይን አዩኝ። ጋሽ ሐር ግን ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ፤ አንዴ እኔን አንዴ መኪናውን ሲያይ ቆየና፣ ነገሩ እንደገባው ከጆሮው መቅላት አወቅሁ። ምንም አላለኝም። ሐኪሙ ከልክሎታል።

ዋርሳዬ ከመኪናው ወርዶ ሲመጣ ገመዱ ጋ አገኘኝ። ሁለታችንም ባልጠበቅነው ቦታ ተያየን። በዚያው ቅጽበት የእኔ ቁጥር ተጠራ። ዳገቱ ግማሽ ላይ ስደርስ ከገመዱ ወዲያ ድምፁን ሰማሁት። ሞኝ አይደለም፣ የረገጠውን እግሩንና የሰማውን ቃል ደምሮ ደርሶበታል። «አይዞሽ እትዬ!» ይላል፣ «አይዞሽ! አይዞሽ!» እስኪደክመው ጮኸ። እግሬ ንቅንቅ አላለም። ያስቸገረኝ ሳቄ ነው፤ ከንፈሬን ነክሼ፣ ዓይኔ እንባ ሞልቶ፣ ዳገቱን ጨረስኩ፣ እንጨቶቹ መሐል ገባሁ፣ አስፋልቱን ዞርኩ፣ ተመለስኩ። አለፍኩ።

ስወጣ ዋርሳዬ የፈታኞቹ መሥሪያ ቤት ደረጃ ላይ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር። መልሴን ሁሉ እንደ ስፒል በአፌ ደርድሬያለሁ። እሱ ግን ለጠብ አልተነሳም። ቤተሰቡ መንጃ ፈቃድ እንደሌለው እንዳይሰማ ለመነኝ፤ በተለይ እናቱ። ያን ያህል ዓመት እናቱ ቤት ድረስ እየነዳ ይሄድ አልነበረም ወይ ብዬ ጠየቅሁት። እኔ ባልኖርም ሁሉ ሰው የሚያወራው ይህን ነበር።

«የነዳው ወንድም ጋሼ ነው» አለ። «እማዬ ሁለቱም ልጆቼ ይነዳሉ እያለች ለጎረቤት ታወራለች። አልነዳም እንዳልላት አፈርኩ። ወንድም ጋሼ ቅያሱ ጋ ስንደርስ ያቆምና ይወርዳል። ቦታ እንቀያየራለን። የቀረችውን እኔ እነዳታለሁ፤ ቀጥ ያለች ናት፣ አንደኛ ማርሽ ትበቃታለች።»

ባሌ ከሞተ በኋላ እናታቸው ዋርሳዬን መኪናዋ የት ገባች ይሉት ጀመር። የሚለው ቢያጣ እትዬ ከለከለችኝ አላቸው። አማቴ ያለ ምክንያት ሲያኮርፉኝ የከረሙት ለካ በዚህ ነው። እሁድ እሁድ ሞተር ሲያሞቅ በሩን ዘግቶ ምን ይሠራ እንደነበር ጠየቅሁት። ማርሽ ሲለማመድ እንደነበር ነገረኝ። ከዚያ ኮፍያውን እያጣመመ፣ «ደግሞ ከእሱ ጋር አወራ ነበር» አለ።

በባሌ ተናደድኩ። ያን ሁሉ ዓመት አንድ ትራስ ላይ ተኝተን ይህችን ሳይነግረኝ መሞቱ አንገበገበኝ። ቀጥሎ ደግሞ ያ ረጅም ሰው ቅያስ ላይ ወርዶ፣ ግራ ቀኙን እንደ ሌባ አይቶ፣ በመኪናው ዙሪያ ሮጦ ሌላው ወንበር ላይ ሲገባ ታየኝና ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ። አለቀስኩም። ናፈቀኝ፤ እንደዚያ ቀን ናፍቆኝ አያውቅም። ዋርሳዬ አይዞሽ ሊለኝ አፉን ከፈተና፣ መልሶ ገጠመው።

«መኪናዋ የእኔ ናት» አልኩት ስረጋጋ።

«ያንቺ ናት።»

በቀጣዩ እሁድ ሸራውን ገፈፍኩ። ዋርሳዬን አጠገቤ አስቀምጬ ወደ አማቴ ቤት ነዳሁ። መንገዱን ሁሉ ከበሩ በላይ ያለችውን መያዣ አንቆ ይዞ፣ ቀስ በይ፣ ወደ ቀኝ ያዢ፣ ኧረ ቀስ እያለ ጆሮዬን በላው። መንጃ ፈቃዴን በእጅ ቦርሳዬ ይዣለሁ፤ አማቴ ፊት አውጥቼ፣ ማን ምን እንደከለከለ ላሳያቸው ተዘጋጅቻለሁ። ቅያሱ ጋ ስንደርስ ዋርሳዬ መያዣዋን ለቀቀ። አንገቱን ደፍቶ ጣቶቹን ያያል። ከጎን ሲያዩት ባሌን አይመስልም፤ አንድ የጨነቀው ሰው ነው።

ዳር ይዤ አቆምኩ።

«ውረድ» አልኩት።

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ዓይኑን አላነሳም፤ ወረደ። እኔም ወረድኩ። ግራ ቀኝ አየሁ፣ በመኪናው ዙሪያ ሮጥኩ፣ ገባሁ። እሱ የለማጅ ወረቀት አለው፣ እኔ መንጃ ፈቃድ አለኝ፣ የሚጠይቀን ቢመጣ አፋችንን ሞልተን እንመልሳለን። በአንደኛ ማርሽ፣ ሁለት እጁን መሪው ላይ ሰክቶ፣ ቀጥ አድርጎ ወሰዳት።

አማቴ በራቸው ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። መኪናዋን ሲያዩ ተነሱ። ጎረቤታቸውን ጠሩ፣ ልጄ መጣ አሉ፤ ዋርሳዬን አገላብጠው ሳሙት። ከዚያ ዞረው ወደ እኔ መጡና፣ ከባሌ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔንም አቅፈው ሳሙኝ። አንገታቸው ሥር እንደ ልጅ ቀረሁ። ቦርሳዬን አልከፈትኩም።

ውስጥ ገብተን ጠረጴዛው ዙሪያ ስንቀመጥ አማቴ እጄን ያዙኝ።

«አንቺስ» አሉኝ፣ «እስከ መቼ እሱ እያመላለሰሽ ትኖሪያለሽ? ተማሪ እንጂ፣ ምንም አይከብድም።»

እኔ እፈራለሁ ልላቸው ስል ዋርሳዬ ቀደመኝ።

«ግድ የለሽም እማዬ» አለ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ፣ «እኔ አስተምራታለሁ።»

በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት፤ በፍሬን እግሬ፣ እስከ ወለሉ።